ድምፅ ለልብ ኃይል ሲሆን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ጆሮ ስለማይሰማው፥ ነገር ግን የታመመን ልብ ስለሚረዳ ድምፅ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 በስቶክሆልም ከተማ ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ፥ መሐንዲሱ ሩኔ ኤልምክቪስት የሠራውን የልብ ምት መቆጣጠሪያ በአንድ ሕመምተኛ ገላ ውስጥ አኖረ። መሣሪያው የሠራው ለጥቂት ሰዓቶች ብቻ ነበር። ሕመምተኛው ግን ከ20 በላይ መሣሪያዎች እየተለዋወጡለት እስከ 2001 ኖረ።

ዛሬም ቢሆን የመሣሪያው ባትሪ ከዓመታት በኋላ ማለቁ አይቀርም። ባለቀም ቁጥር ቆዳ እንደ ገና ይቀደዳል፤ ቁስሉ እንዳያመረቅዝም ያሠጋል። በልጅነቱ መሣሪያ የገባለት ሰው በዕድሜው ስንት ጊዜ በሐኪም ቢላዋ ሥር እንደሚተኛ እናስብ።

ታዲያ ኃይልን ያለ ሽቦ መላክ አይቻልምን? በራዲዮ ሞገድ መላክ ይቻላል፤ ነገር ግን መሣሪያው እጅግ ሲያንስና በሥጋ ውስጥ ሲርቅ የሚደርሰው ኃይል ጥቂት ነው። ድምፅ ግን በሥጋ ውስጥ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሴኮንድ 1,000,000 ጊዜ ሲርገበገብ የሞገዱ ርዝመት 1.5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የእህል ፍሬ የሚያህል መሣሪያ እንኳ ሊቀበለው ይችላል።

ድምፅ ጉልበት እንዳለው ለማወቅ በበዓል ቀን ከከበሮ አጠገብ መቆም ይበቃል፤ ምቱ ደረትን ይነካል። ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ የሚሰጡ ክሪስታሎች መኖራቸውን ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች በ1880 አሳይተዋል።

በ2016 በበርክሌይ የሚገኙ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፥ በዚሁ ጥበብ የአይጥን ነርቭ የሚከታተል ባትሪ የሌለው ቅንጣት መሣሪያ ሠሩ። በ2025 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፥ በልብ ውስጥ ተቀምጦ በድምፅ ኃይል የሚሠራ የሩዝ ፍሬ የሚያህል መሣሪያ ፈቀደ።

ይሁን እንጂ ችግሩ ሁሉ አልተወገደም። አጥንትና አየር ድምፁን ስለሚያግዱት በጎድን አጥንቶች መካከል መላክ አለበት። ብርቱ ድምፅ ሥጋን ስለሚያሞቅም ልክ ተወስኖለታል። ድምፁን የሚልከው ክፍል ራሱ ባትሪ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ባትሪው ከልብ ርቆ ከቆዳ ሥር ስለሚቀመጥ መለወጡ ይቀላል። ይህ ለሕመምተኛው ትንሽ ነገር አይደለም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የኩሪ ወንድማማቾች ክሪስታል ሲጫኑ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ገና አልነበረም። ሥራቸው በልብ ውስጥ ለሚቀመጥ የልብ ምት መሣሪያ ኃይል መቀበያ የሆነው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ስለ ሞገድ የምንማረውን ለፈተና ብቻ አጥንተን አንርሳው፤ ማንን እንደሚያድን አናውቅምና።