ተልባ፥ ኑግና የሳንባ እሳት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተነገረ)



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዛሬ የምንናገረው በአቃቂ ገበያ በየጆንያው ስለምናያቸው ስለ ተልባና ስለ ኑግ ነው።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ድነዋል። አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» አሉት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮቪድ 19 አገራችን ገባ። እንዲህ ባለው ጽኑ ሕመም ጠላታችን ቫይረሱ ብቻ አይደለም። ሰውነት ቫይረሱን ለማጥፋት የሚያነደው እሳት በጊዜው ካልበረደ የራሱን ሳንባ ይጎዳል። ሐኪሞች ይህን ብግነት ይሉታል።

የምንበላው ቅባት በሴሎቻችን ሽፋን ውስጥ ይገባል። በኑግ ዘይት ኦሜጋ ስድስት የሚባለው የቅባት አሲድ ይበዛል፤ ትኩሳትና እብጠት የሚያስነሡት ፕሮስታግላንዲኖች በብዛት የሚሠሩት ከዚህ ወገን ነው። ይህን የመረመሩ ሁለት ስዊድናውያንና አንድ እንግሊዛዊ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከተልባ ዘይት ግን ግማሽ የሚያህለው ኦሜጋ ሦስት ነው፤ እሳቱን የሚያበርዱ ነገሮች ከዚህ ወገን ይሠራሉ። ሆኖም ሰውነታችን ከተልባው ለዚህ ሥራ የሚለውጠው ጥቂቱን ነው፤ በሰባ የባሕር ዓሣ ግን ተዘጋጅቶ ይገኛል።

ታዲያ ኑግ ጠላት፥ ተልባ ወዳጅ ነውን? አይደለም። እሳቱ ጨርሶ ባይነድ ቫይረሱ ያሸንፈን ነበር። ሁለቱም ለሰው ያስፈልጋሉ።

በኮቪድ ጊዜ ብዙ ሰው በዝንጅብል፥ በነጭ ሽንኩርትና በፌጦ ተማምኖ ነበር። ተልባም ቢሆን ይህን በሽታ እንደሚያድን አልተረጋገጠም። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ይባል የለምን! በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር የተሰማው ምርመራ ግን ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽ መድኃኒት ብግነቱን አብርዶ፥ በመሣሪያ ከሚተነፍሱት ሕሙማን መካከል ሞትን በሲሶ እንደቀነሰ አሳየ። ኦክሲጅን ለማያስፈልገው ሕመምተኛ ግን አልጠቀመም። እንግዲህ እሳቱ መቼ እንደሚበርድ የሚለየው ሐኪም ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ተልባውን በጤናችን ጊዜ ከማዕዳችን አታጥፉብን። ከቤተ ሰቡ የአንዱ ትንፋሽ ያጠረ እንደ ሆነ ግን ተልባው እስኪወቀጥ አንጠብቅ፤ ፈጥነን ወደ ሐኪም እናድርሰው።