ሠራተኛን ስለ መቅጠርና በመልካም ስለ ማኖር
(ለከተማው ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሹማምንት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በየቤታችን ያለ ነው፤ ይኸውም የቤት ሠራተኛ እንዴት እንደሚቀጠርና ከአሠሪው ጋር እንዴት ተስማምቶ እንደሚኖር ነው። ለምሳሌ የማነሣው በካርቱም ከተማ በስተደቡብ የሚገኘውን አል-ሳሃፋ የተባለውን ሰፈር ነው። በዚያና በሌሎቹ የካርቱም ሰፈሮች ብዙ እኅቶቻችን በመተማ በኩል ተሻግረው በቤት ሥራና ሻይ በመሸጥ ሲተዳደሩ ኖረዋል።

በሱዳን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 የወጣው የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ ጉዳያቸውን በ1955 ለወጣው የቤት አገልጋዮች ሕግ ትቶታል። እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአሠሪው ጋር የሚኖረውን የቤት ሠራተኛ የሥራ ሁኔታ ለአሠሪው ኅሊና ሰጥቶታል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ጉዳዩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን አደረገ እንጂ በድንጋጌዎቹ ውስጥ አላስገባውም።

ሕግ ለኅሊና የተወውን ኅሊና ሳይጠብቀው ቢቀር ጉዳቱ ከባድ ነው። የሱዳን ገንዘብ ዋጋው ሲወርድ ቆይቶ በየካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥቱ የአንድ ዶላርን ይፋ ምንዛሪ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ለወጠ። እንግዲህ ደመወዟ «ይጠራቀምልሽ» ተብሎ በአሠሪዋ እጅ የቆየባት ሠራተኛ የላቧ ዋጋ ሳታየው ቀለጠ ማለት ነው። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት በካርቱም ሲነሣ ደግሞ አሠሪው በአንድ በኩል፣ ሠራተኛዪቱ በሌላ በኩል የምትሸሽበት ቀን መጣ። ፓስፖርቷ በአሠሪው ሣጥን የተቆለፈባት ሴት በዚያ ቀን በምን ድንበር ትሻገራለች?

ስለዚህ በከተማችን የሚቀጥር ሁሉ እነዚህን አራት ነገሮች ይጠብቅ ዘንድ እመክራለሁ።

አንደኛ፤ ከደላላው ቃል አስቀድሞ ከሠራተኛው ጋር ራሱ ይነጋገር። የልጆቹን ቁጥር፣ የሥራውን ብዛት፣ ማደሪያውን ሳይደብቅ ይንገር። የተደበቀው ሁሉ በሳምንቱ ጠብ ሆኖ ይወጣልና።

ሁለተኛ፤ ስምምነቱን ይጻፍ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በአዋጁ የሚመራ አሠሪ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ይህ በቤት ቅጥርም መልካም መለኪያ ነው።

ሦስተኛ፤ ደመወዝ በቀኑ፣ በሠራተኛው እጅ ይከፈል፤ መታወቂያና ፓስፖርትም ከባለቤቱ እጅ አይውጣ።

አራተኛ፤ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይሰጥ፤ በሕመም ጊዜም ያሳክም። ያረፈ ሠራተኛ ሕፃን ያጫውታል፤ የደከመ ግን ብርጭቆ ይሰብራል።

የቀበሌ ሹማምንትም አንድ ገጽ የውል ቅጽ አዘጋጅተው ለሚጠይቃቸው ቢሰጡ፣ ነገ በሽምግልና የሚቀርበውን ክርክር ዛሬ ያስቀሩታል። በአል-ሳሃፋ ላሉ ልጆቻችን የምንመኘውን ፍርድ አስቀድመን በጓዳችን ላለችው ልጅ እንስጥ።