ለታናናሾቻችን የሠራነው የአሻንጉሊት ትያትር ቤት
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ የተነገረ)



ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ለትምህርት ቤታችን ምን ማስታወሻ ትተን እንሂድ ብለን ስንመካከር አሳባችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ገሚሶቻችን ለንባብ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ይሠራ አልን። የቀረነው ደግሞ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ልጆች የአሻንጉሊት ትያትር ቤት ይሠራላቸው አልን። የወንበሩ ወገን ያቀረበው ምክንያት ቀላል አልነበረም። ገንዘቡ ከየኪሳችን የተዋጣ ጥቂት ገንዘብ ነው፤ እንጨቱም ለሁለቱ አይበቃም፤ መቀመጫ አጥቶ ቆሞ የሚያነብ ተማሪ እያለ ለጨዋታ ዕቃ እንዴት ይወጣል? የሚል ነበር። በመጨረሻ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ትያትሩ ረታ። የተረቱትም ጓደኞቻችን መጋዝና መዶሻ ይዘው ከረቺዎቹ እኩል ስለ ደከሙ፣ ይህ ንግግር የሁላችንም ንግግር ነው።

በትያትሩ በኩል የነበረው ምክንያት ይህ ነው። በትንንሾቹ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ እጁን ብቻ አንሥቶ ዝም የሚል ልጅ አይጠፋም። በቤቱ የሚነገረው ቋንቋ ሌላ ይሆናል፤ ወይም ቢሳሳት ጓደኞቹ የሚሥቁበት ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ልጅ አልሰነፈም፤ ፈርቷል እንጂ። አሻንጉሊት በእጁ ሲይዝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቢሳሳት የሚሣቅበት አሻንጉሊቱ ነው፤ እርሱ ከመጋረጃው ጀርባ ነው፤ ማንም ፊቱን አያየውም።

አሻንጉሊትን ለቁም ነገር ማዋል አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ሎራን ሙርጌ የሚባል የሐር ሠራተኛ ነበር። ሥራው ቢቀዘቅዝበት ጥርስ ነቃይ ሆነ፤ ሕዝቡንም ወደ እርሱ ለመሳብ አሻንጉሊት ያጫውት ጀመር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1808 ገደማ ጊኞል የሚባለውን አሻንጉሊት ፈጠረ፤ ጥርስ መንቀሉንም አስቀድሞ ትቶት ነበር። (ይህ ለበሽተኞቹም ሳይሻላቸው አልቀረም።) በአገራችንም አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ1957 ዓ.ም. ጀምረው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ከ1998 ዓ.ም. ግድም ወዲህ ደግሞ ፀሐይ የተባለችውን የቀጭኔ አሻንጉሊት ያላወቀ ልጅ ጥቂት ነው፤ ከእኛም መካከል ፊደል በእርስዋ የለየ አለ። ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን ልጁን አይሰማውም። በእንጨቱ ትያትር ግን ልጆቹ «ጅቡ ከኋላሽ ነው!» ብለው ሲጮኹ እመት ጦጢት ሰምታ ዘወር ትላለች። ለእኛ ከሁሉ የበለጠብን ይህ መስማት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ፤ ምናልባት በቤቱ ሊሞክረው የሚሻ ወላጅ ይኖራልና።

እንጨት ከመቁረጣችን በፊት አንድ ትንሽ ልጅ አቁመን እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ለካነው። የመድረኩን ከፍታ የወሰነው ይህ ልጅ ነው። ትልልቆቹ ተንበርክከው የሚያጫውቱበት ሳይሆን ልጆች ራሳቸው ቆመው የሚያጫውቱበት እንዲሆን ስለ ፈለግን፣ የመስኮቱ ግርጌ ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ሆነ። የልጁ ራስ ከእንጨቱ በታች ይሰወራል፤ ክንዱ ብቻ ከላይ ይወጣል ማለት ነው።

ቤቱ ሦስት ግድግዳ ያለውና የሚታጠፍ ነው። የፊቱ ወርድ 1 ሜትር ከ20፤ የሁለቱ ጐን እያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ነው። ለዚህ ሁሉ ባለ 4 ሜትር ሞራሌ 5 በቃን። ከሦስቱ ስድስቱ ቋሚዎች ይወጣሉ፤ ከአራተኛው የፊቱ ሦስት አግዳሚዎች፤ ከአምስተኛው የጐኖቹ አራት አጫጭር አግዳሚዎች። ሞራሌው ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ቤቱ አልታጠፍ ይላል።

በአራት እንጨት የተመታ ክፈፍ ብቻውን አይጸናም። በጂኦሜትሪ እንደ ተማርነው አራት ማዕዘን ሲገፉት ይንጋደዳል፤ ሦስት ማዕዘን ግን ጐኖቹ ካልተሰበሩ ቅርጹን አይለውጥም። ስለዚህ በየማዕዘኑ በሦስት ማዕዘን የተቈረጠ ኮምፔንሳቶ በኮላና በምስማር መታንበት። ግድግዳዎቹን በማጠፊያ አያያዝናቸው፤ አቡጀዲ ወጠርንባቸው፤ ልጆች በእጃቸው የሚነኩትን እንጨት ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። ቀለም ለመቀባት ግን አልቸኰልንም፤ ቀለሙን የመረጡት የአንደኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ሰማዩን ቢጫ አድርገውታል። ይህን የነቀፈ ቢኖርም እኛ አልነካነውም።

አሻንጉሊቶቹን በተመለከተ፤ የሰዎቹንና የጦጢትን ራስ ከትንንሽ ቅል ሠራነው። ቅል ቀላል ነው፤ ይህም ዋና ነገር ነው፤ ምክንያቱም ክንዱን ወደ ላይ የዘረጋ ልጅ ቶሎ ይደክማል። በቅሉ ሥር እንደ አንገት ሆኖ የሚያገለግል የተጠቀለለ ካርቶን ገባበት፤ አመልካች ጣት በዚያ ይገባል፤ አውራ ጣትና መካከለኛው ጣት የአሻንጉሊቱ እጆች ይሆናሉ። አያ ጅቦ ግን መንጋጋ ስላስፈለገው ከዋንዛ ተጠረበ። ከበድ እንዳይል ውስጡን በመሮ ቦረቦርነው፤ የታችኛውን መንጋጋ በቁራጭ ቆዳ አያያዝነው፤ ገመድ ሲሳብ አፉ ይከፈታል፣ ሲለቀቅ ይገጠማል። ድምፁ «ቀፍ» ሲል ከፊት የተቀመጡት ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ይደገም!» ይላሉ።

ጨዋታውን ከ10 ደቂቃ አላስበለጥነውም፤ ክንድ ስለሚደክም ብቻ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ተረኛ ጊዜ እንዲተርፍ ነው። ንግግሩንም በወረቀት አልጻፍንም። ተረቱን ልጆቹ ከቤታቸው ያመጡታል፤ እናታቸው ወይም አያታቸው በነገሯቸው ቋንቋ ቢጀምሩትም የሚከለክላቸው የለም። ያ ስሙ ሲጠራ እጁን ብቻ ያነሣ ነበር ያልነው ዓይነት ልጅ፣ አንዱ፣ በሦስተኛው ሳምንት አያ ጅቦን ያዘ። መጀመሪያ ጅቡ ዝም ብሎ አፉን ይከፍትና ይገጥም ነበር። ኋላ «ርቦኛል» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም ማሰኘት አቃተን።

የወንበሩ ወገን ጓደኞቻችን አንድ ጥያቄ ጠይቀው ነበር፤ እናንተ ስትሄዱ ይህን ማን ይጠግነዋል? አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነበርና በሥራው ውስጥ መልስ ለመስጠት ሞከርን። መድረኩን ሁለት የአራተኛ ክፍል ልጆች አንሥተው ይወስዱታል። ከገበያ የተገዛው ማጠፊያ፣ ምስማር፣ ኮላ፣ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶና አቡጀዲ ብቻ ነው። የጅቡ ቆዳ ሲበጠስ ከአሮጌ ጫማ ምላስ ይቈረጥለታል፤ ቅሉ ሲሰበር ሌላ ቅል ይተከላል፤ ዘሩንም በአትክልቱ ቦታ አጥር ሥር ዘርተናል። የሣጥኑን ቁልፍ የያዙት የአምስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ እኛ ዘንድ ሌላ ቁልፍ የለም።

የንባብ ክፍሉ ወንበር ዛሬም ይጐድላል። የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂዎች አስበውበታል ሲሉ ሰምተናል፤ ልኩን ለክተን በወረቀት ሰጥተናቸዋል።

አሁን ልጆቹ ተዘጋጅተዋል። የሚያሳዩት እኛም ያላየነው አዲስ ተረት ነው፤ ከልክለውናል። ክቡራን እንግዶች ግን ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ትቀመጡልን ዘንድ በትሕትና እንለምናለን፤ ከፊት ያለው ምንጣፍ የአንደኛ ክፍል ነው።