ሊሞውን ስሸጥ የተማርኩት

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)

ባለፈው ስብሰባ «ያን ረጅም መኪና እንዴት አድርገሽ ሸጥሽው?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ በሁለት ቃል መልሼ አልፌ ነበር። ዛሬ ሙሉውን ተናገሪ ስለተባልኩ፣ የጎደለብኝንም ያተረፍኩትንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

መኪናውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ የስንቶቻችሁን ልጆች ሠርግ አድምቋል! ነጭ ሊንከን ታውን ካር፣ የ2007 ሥሪት፤ መሐሉ ተቆርጦ 120 ኢንች፣ ማለትም ሦስት ሜትር ያህል የተቀጠለበት፤ ከሾፌሩ ሌላ አሥር ሰው የሚይዝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታክሲ ነድቶ ባጠራቀመውና በዕቁብ ገንዘብ ነው የገዛው። ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮችን፣ በግንቦት ደግሞ ፕሮም የሚሄዱ ተማሪዎችን ይዞ ይውል ነበር። በኋላ ሰዉ በስልኩ መኪና መጥራት ለመደ፤ በ2020 ኮሮና መጥቶ ሠርጉም ቀረ። እሱ ሲያርፍ መኪናው ደጃችን ላይ ቆሞ ቀረ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አልሸጥኩትም። ጠዋት መስኮት ስከፍት እሱ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ግን ልጄ ኮሌጅ ገባች፤ ክፍያው ጎደለ። አንዲት ዘመዴ «አገር ቤት ላኪው፣ ለሠርግ ይፈለጋል» አለችኝ። ይኸው ከ2024 ጀምሮ ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ያ በር ተዘግቷል። ስለዚህ እዚሁ ልሸጠው ቆረጥኩ። በልቤ የያዝኩት ዋጋ 12,000 ዶላር ነበር።

አንድ የማምነው መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ቆጣሪው 241,000 ማይል ይላል። መካኒኩ ግን «እትዬ፣ ማይሉ ግማሹ ወሬ ነው» አለኝ። ሊሞ ሙሽራ እስክትለብስ፣ ፎቶ እስኪነሳ፣ እራት እስኪበላ ድረስ አየሩ እንዲቀዘቅዝ ሞተሩን ሳያጠፋ ሰዓታት ይቆማል። ሞተሩ ሲሠራ ውሎ ቆጣሪው አይንቀሳቀስም። ከሥሩ ገብቶ ሲያይ የፍሬን ዘይት የሚሄድባቸው ቱቦዎች ዝገዋል። መኪናው ሲረዝም ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግም ስለሚረዝም፣ መሐል ላይ ደግፎ የሚይዘው ኩሽኔታ አለው፤ እሱም አልቋል። የኋላው የአየር ሱስፔንሽን ያድራል እንጂ አይቆምም፣ ጠዋት ጠዋት ወርዶ ይገኛል። «እንዲህ እንዳለ ኢንስፔክሽን አያልፍም» ብሎ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ያን ወረቀት ይዤ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ባለቤቴ የታማ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ገዢ የኛው ልጅ ነበር። ገና ሥራ ሊጀምር ነው፤ ሙሽራ ሊያመላልስበት ፈልጓል። ውስጡን አየ፣ መብራቱን አበራ አጠፋ፣ ወንበሩን ዳሰሰ። ፍሬኑን አልጠየቀም። «እትዬ፣ 6,500 ዶላር በእጅ እሰጥዎታለሁ፤ ታይትሉ ላይ የገዢውን ስም ባዶ ይተዉልኝ፣ እኔ ራሴ እሞላዋለሁ» አለኝ። አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ በክርኗ ነካችኝና «አትናገሪ፤ ያለበት ሁኔታ ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ነው» አለችኝ።

እህቶቼ፣ ዝም ልል ነበር። የልጄ ክፍያ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ግን ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ደጋግሞ የሚያወራው አንድ አደጋ ትዝ አለኝ። በ2018 ጥቅምት ውስጥ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ስኮሃሪ በምትባል ቦታ፣ ለልደት በዓል ወጣቶችን ያሳፈረ አሮጌ ሊሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት 20 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አራቱ እህትማማቾች ነበሩ። ያ መኪና ከአደጋው በፊት ተመርምሮ ከመንገድ እንዲወጣ ተብሎ ነበር። ባለቤቴ ያን ከሰማ ወዲህ ፍሬኑን ሳያሳይ ሙሽራ አላሳፈረም።

የመካኒኩን ወረቀት አውጥቼ ለልጁ ሰጠሁት። «ልጄ፣ ይህን ሳታስጠግን ሰው እንዳትጭንበት። ደግሞ ከዚህ ተነስተህ ዲሲ ወይም ሜሪላንድ የከፈለ ሰው ይዘህ ከተሻገርክ የፌዴራሉ ሕግ ይይዝሃል፤ ለዚህ መጠን መኪና የ1.5 ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ ይጠየቃል» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ሊሸጡ ካልፈለጉ ለምን ጠሩኝ?» ብሎ ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ለብዙ ጊዜ ሰላም አላለኝም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ መለዋወጫ የሚነግድ ሰው በ2,900 ዶላር ወሰደው። ታውን ካር በ2011 መመረቱ ስለቆመ በሩም፣ መብራቱም፣ ሞተሩም ይፈለጋል። በተጎታች ጭኖት ሲሄድ ቆሜ ሸኘሁት። በ3,600 ዶላር ቀንሼ መሸጤ ነው። የጎደለውን ዕቁቤ ቀደም ብሎ እንዲደርሰኝ አድርጋችሁ የሞላችሁልኝ እናንተ ናችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ያን ሰሞን ከስሬያለሁ ብዬ ነበር። አሁን ግን ቅዳሜ የሙሽራ መኪና ጥሩምባ ስሰማ ልቤ አይደነግጥም። ያተረፍኩት ይህን ነው።

አሁን ለእናንተ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። መኪናው ሊሞም ይሁን ሌላ፣ አሠራሩ አንድ ነው።

አንደኛ፣ ታይትሉ በማን ስም እንደሆነ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ እዩ። የኛው በእሱ ስም ብቻ ነበር። የሞት ማስረጃ ይዤ ዲኤምቪ ሄጄ ወደ ስሜ እስካዞረው ድረስ አንድ ብሎን እንኳ መሸጥ አልችልም ነበር።

ሁለተኛ፣ የገዢውን ስም ባዶ አትተዉ። በስሙ እስኪያዞረው ድረስ ቅጣቱም ጣጣውም የሚመጣው በናንተ ስም ነው። ስሙን፣ ዋጋውን፣ ቀኑንና ማይሉን ጽፋችሁ፣ የሱንም የናንተንም ፊርማ የያዘ ወረቀት አንድ ቅጂ አስቀሩ። ከ2011 ወዲህ ለተሠሩ መኪናዎች ሻጩ ማይሉን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ሕጉ እስከ 20 ዓመት ድረስ ያስገድዳል። የኔው የ2007 ስለሆነ ግዴታ አልነበረብኝም፤ እኔ ግን ጻፍኩት።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡን ባንክ ውስጥ ተቀበሉ። ታርጋውን ንቀሉ፤ እዚህ ቨርጂኒያ ታርጋ ከመኪናው ጋር አይሄድም። መሸጡን ለዲኤምቪ አሳውቁ። ኢንሹራንሱን የምታቋርጡት ታርጋውን ከመለሳችሁ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

አራተኛ፣ ከመሸጣችሁ በፊት የራሳችሁን መካኒክ አምጡ፤ የሚነግራችሁንም ለገዢው ንገሩ። ዋጋው ይወርዳል፤ እኔም ወርዶብኛል። ግን መኪናው ሲወጣ ጣጣውም አብሮ ይወጣል።

ታይትል ማንበብ የሚከብዳት እህት ካለች በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛ ትምጣ፤ አብረን እናነበዋለን።