የእቴጌ ምንትዋብ ሥዕልና የሐይቅ ወንጌል

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች የተሾሙ ሠዓልያን የመኳንንቱን መልክ በሸራ ላይ የሚሥሉት በዘይት ቀለም፣ ማለትም ከተልባና ከመሳሰሉት ዘይት ጋር ተለውሶ ቀስ ብሎ በሚደርቅ ቀለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1789 የስፔን ቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሆኖ የተሾመው ጎያ በ1798 ሚኒስትሩን ሆቬላኖስን ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ፣ ራሱን በእጁ ደግፎ፣ በሐሳብ ተውጦ ሥሎታል፤ የሸራው ዋና ጉዳይም ያ አንድ ሰው ብቻ ነው።

በዚያው ክፍለ ዘመን የጎንደር ቤተ መንግሥት ያሳደገው ሥዕል ባለሥልጣኑን የሚያሳየው በሌላ መንገድ ነው። ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር አገር ያስተዳደረችውና እ.ኤ.አ. በ1730 ዘውድ የጫነችው እቴጌ ምንትዋብ በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ባሠራችው የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የምትታየው ከእመቤታችንና ከሕፃኑ እግር ሥር መሬት ላይ ተዘርግታ ነው። ሥዕሉ የተሠራው በዘይት ቀለም አይደለም፤ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ፣ በማጣበቂያ በተለወሰ ቀለም ነው።

ይህ የእቴጌይቱ አቀማመጥ ከችሎታ ማነስ የመጣ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ሊቃውንት ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚሉት፣ በእቴጌይቱ ዘመን የጎለመሰው ስልት፣ ፊትን በጥላና በብርሃን ማድቦልቦልን፣ የጀርባውን ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ በቀስ ማሻገርን፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ባለ አበባ ጨርቅ እስከ ጌጡ ድረስ ማሳየትን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ሠዓሊው ክብሯን በልብሷ ላይ አፍስሶ፣ አካሏን ግን ከእመቤታችን እግር በታች አኑሯል፤ ሁለቱ እርስ በርስ አይጣሉም፣ የሥዕሉ ታላቅነትም እዚሁ ላይ ነው።

ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሣ ተመልካች ናርጋ ሩቅ ነው፤ ስጦታ ሰጪውን ከስጦታው ጋር የመሣል ልማድ ጥንታዊ ምስክር ግን ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። የገዳሙ አበምኔት አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ በሰጡት አራቱ ወንጌል ውስጥ የራሳቸው ሥዕል አለ፤ እሳቸው መነኩሴ እንጂ ከመኳንንት ወገን አልነበሩም፤ ሆኖም ስጦታውን የሰጠ ሰው መልክ ከስጦታው ጋር አብሮ መኖሩ የናርጋውን ሥዕል ለመረዳት ይጠቅማል።

የአውሮፓው ሥዕል ባብዛኛው በመኖሪያ አዳራሽ ተሰቅሎ የቤተሰቡን ማዕረግ ለእንግዳ ሲያሳይ፣ የናርጋው ያረፈው የመቅደሱን ውጫዊ ግድግዳ በሸፈነው ሥዕል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር፣ እቴጌይቱ ካረፈች በኋላም ቢሆን፣ ምእመናን ሲሰግዱ እሷም ከእነርሱ ጋር ሰጋጅ ሆና ትገኛለች።