በሐይቅ ሥር ስላለው ጭቃ የተደረገ ንግግር



የትምህርት ቤታችን በዓል በሚከበርበት በዛሬው ቀን እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች ስለ ጭቃ ለመናገር መነሣታችን ሳያስቃችሁ አይቀርም። ነገር ግን ይህ ጭቃ ባዕድ አይደለም፤ አብዛኛው ከራሳችን ተራሮች ተሸርሽሮ የሄደ ነው።

ማንዛላ የሚባለው ሐይቅ በግብፅ አገር፣ በደምያጥና በፖርት ሳይድ ከተሞች መካከል ይገኛል። ከሜዲትራኒያን ባሕር የሚለየው ቀጭን የአሸዋ ወሰን ነው። ስፋቱ ትልቅ ሲሆን ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከአንድ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ ጭቃው እግሩን ካልያዘው በቀር ሰው በብዙ ቦታ ቆሞ ሊሻገረው ይችላል።

የአስዋን ታላቅ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ውሃ መያዝ እስከ ጀመረበት ጊዜ ድረስ፣ ጥቁር ዓባይና ተከዜ በየክረምቱ የኢትዮጵያን ደጋ አፈር እየጠረጉ ወደዚያ ያወርዱ ነበር። ደጋችን በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ከፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው። በዚህም ድንጋይ ውስጥ ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ ቫናዲየምና ኮባልት አሉ፤ መጠናቸውም በአንድ ቶን ውስጥ በግራም የሚቆጠር ነው። እንግዲህ በማንዛላ ጭቃ ውስጥ ክሮሚየም ያገኘ ሰው ወዲያው «ፋብሪካ ነው ያመጣው!» ብሎ ቢጮህ ፍርዱ የችኮላ ፍርድ ይሆናል።

ታዲያ የተፈጥሮው ከሰው ሥራ በምን ይለያል? መርማሪዎች ረጅም ቧንቧ በጭቃው ውስጥ ሰክተው ያወጡና ጭቃውን እንደ ዳቦ ይቆርሱታል። የታችኛው ቁራሽ የቀድሞው ዘመን ነው፤ ፋብሪካ ሳይኖር የነበረውን መጠን ይነግራል። የየቁራሹ ዕድሜ የሚታወቀው እርሳስ 210 በተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነው፤ ይህ በየ22 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1963 ገደማ ከአቶም ቦምብ ሙከራ በብዛት የወረደው ሲዝየምም ምልክት ይሆናል። ደግሞም ደቃቁ ሸክላ ከአሸዋ ይልቅ ብረታ ብረት ስለሚይዝ፣ እያንዳንዱ መጠን በጭቃው ውስጥ ካለው አሉሚኒየም ጋር ይነጻጸራል። ይህ ካልተደረገ በባሕሩ ወሰን ያለው አሸዋ ንጹሕ፣ በመሐል ያለው ሸክላ ደግሞ የተበከለ መስሎ ይታያል። በእኛ አስተያየት የምርመራው ዋና ብልኃት ይህ ነው።

እንዲህ ተመዝኖ ሲታይ፣ በሐይቁ ደቡብ ምሥራቅ፣ ባሕር አል በቀር የተባለው ቦይ በሚገባበት በኩል፣ በላይኞቹ ቁራሾች ውስጥ እርሳስ፣ ዚንክ፣ መዳብና ሜርኩሪ ከተፈጥሮው በላይ በዝተው ተገኝተዋል። ቦዩ የካይሮን ፍሳሽ ለብዙ ዓመታት ሲያመጣ ኖሯል። ዚንክና መዳብ በጥቂቱ ለሰውነት ያስፈልጋሉ፤ እርሳስና ሜርኩሪ ግን ጉዳት እንጂ አንዳች ጥቅም የላቸውም። በዓሣ ሥጋ ውስጥ ከገቡም በኋላ ምግቡን መቀቀል አያስወጣቸውም። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ሰዎች የሚተዳደሩት ቆሮሶ የምንለውን ዓይነት ዓሣ በማጥመድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የቦዩን ውሃ በቀን እስከ 5.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ ተከፍቷል፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ሆኖም ብረት እንደ ሌላው ቆሻሻ በስብሶ አይጠፋም፤ ቀድሞ የወረደው በሥሩ ተኝቷል። አየር በሌለበት ጥቁር ጭቃ ውስጥ፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል በሚሸተው ድኝ ታስሮ ይቀመጣል። የሐይቁን ውሃ ለማንቀሳቀስ ሲባል ጭቃው በማሽን ሲዛቅ ግን አየር ያገኘዋል፤ እስራቱም ሊፈታና ብረቱ ወደ ውሃው ሊመለስ ይችላል። የወጣውም ጭቃ የሚጣልበት ቦታ ያስፈልገዋል። አትክልት በሚበቅልበት ማሳ ላይ ከመበተኑ በፊት፣ የላይኛውና የታችኛው ቁራሽ ለየብቻ ሊመረመር ይገባል እንላለን፤ የታችኛው የደጋችን ጥሩ አፈር ነውና።