የጎረቤት ጉድጓድ ምን ይነግረናል?



ከባሕር ወለል ሥር ነዳጅ ዘይት የሚፈልግ ባለሙያ፣ በራሱ የፈቃድ ክልል ገና አንድም ጉድጓድ ሳይቆፈር፣ ዓይኑን አስቀድሞ የሚጥለው በጎረቤቱ ክልል ላይ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ዐለት በካርታ ላይ የተሰመረውን ድንበር አያውቅምና። ይሁን እንጂ የጎረቤት ጉድጓድ የሚመልሰውን ጥያቄ ከማይመልሰው ለይቶ ማወቅ ያሻል።

ዘይት እንዲገኝ አራት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል፤ እነርሱም ዘይቱን የሚያመነጭ ዐለት፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚያከማች ዐለት፣ እንዳይሸሽ የሚያግድ ወጥመድና ከላይ የሚሸፍን ክዳን ናቸው። ለምሳሌ ያህል የአራቱን ዕድል በቅደም ተከተል 0.4፣ 0.6፣ 0.5 እና 0.7 ብለን ብንገምት፣ ብዜታቸው 8 በመቶ ገደማ ይሆናል። ጎረቤት ዘይት በማግኘቱ የመጀመሪያው ዕድል ወደ 0.9 ከፍ ቢል፣ ጠቅላላው ወደ 19 በመቶ ይደርሳል። ተስፋችን ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ካሉ አምስት ጉድጓዶች አራቱ ባዶ ሊሆኑ እንደሚችሉ መዘንጋት አይገባንም።

ለዚህ የጉያና ባሕር መልካም ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በስታብሩክ ክልል የተቆፈረው ሊዛ 1፣ በላይኛው ክሬታስየስ ዘመን አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ከ90 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ዘይት ያዘለ ንብብር አሳየ። በ2020 መባቻ ከድንበር ማዶ፣ በሱሪናም ክልል 58፣ ማካ ሴንትራል 1 በዚያው ዘመን ንብብር ውስጥ ዘይትና ጋዝ አገኘ። እዚህ ላይ የጎረቤት ማስረጃ ሠመረ።

በ2019 በአጎራባቹ ኦሪንዱይክ ክልል የተቆፈረው ጄትሮ 1 ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠን። ይህ ጉድጓድ ከሊዛ ይልቅ በዕድሜ ወጣት በሆነው በታችኛው ተርሸሪ ንብብር ውስጥ 55 ሜትር ዘይት ያዘለ አሸዋ ድንጋይ በማግኘቱ ታላቅ ደስታ ሆነ። ወራት ሳይቆዩ ግን ናሙናው ሲመረመር ዘይቱ ከባድና ድኝ የበዛበት ሆኖ ተገኘ። አራቱም ነገሮች ተሟልተው ነበር፤ የጎደለው የዘይቱ ጥራት ነው። ስለዚህ ዘይት የማግኘት ዕድልና አትራፊ ዘይት የማግኘት ዕድል ተለያይተው ሊሰሉ ይገባል።

እንግዲህ የጎረቤትን መረጃ ስንዋስ ሦስት ጥያቄዎችን እናስቀድም። ንብብሩ በዕድሜ አንድ ነውን? ጥልቀቱና ሙቀቱ ይቀራረባልን? የሞገድ ጥናታችን የንብብሩን ቀጣይነት እስከ ክልላችን ድረስ ያሳያልን? ከዚህም ጋር የጎረቤትን ባዶ ጉድጓድ ከስኬቱ ባላነሰ ትጋት እንመርምር፤ ከአራቱ የትኛው እንደ ጎደለ የሚነግረን እርሱ ነውና።